ተፈጥሮ ከሆነ ይህ ሁሉ ጠባቂ ለምን አስፈለገው?

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ጋ ደረሰ። ያሳየችኝ ደንበኛዬ ናት። ጸጉር ቤቴ ውስጥ ካስክ ስር እንደተቀመጠች ስልኳን ዘረጋችልኝና «እስቲ አንብቢው፣ ስለ አንቺ ሥራ ነው» አለችኝ። ጸሐፊው የድሬዳዋ ልጅ ነው። የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። ቁንጅና የትም አገር አንድ ነው፤ መለኪያውን የሰጠው ተፈጥሮ ነው። የወንድና የሴት ሥራም በተፈጥሮ የተከፈለ ነው። አያቶቻችን ይህን አውቀው በሰላም ኖረዋል። የዛሬ ልጆችን ግን ቲክቶክና የፈረንጅ ወሬ አበላሻቸው። ደግሞ ሴትን ያስገደዳት የለም፤ የምትኳለውም የምትሠራውም ወዳ ነው።

ሁለቴ አነበብኩት። በንቀት የተጻፈ አይደለም። ጸሐፊው ሴት ልጆች አሉት፤ ለእነሱ ሲጨነቅ ይታያል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያልቻልኩት። ወንድሜ፣ አንተ እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ድሬ ላይ አንቱ እንደሌለ አንተም ታውቃለህ።

እንዲያውም ከዚሁ ከአንቱ ልጀምር። ልጅ ሳለሁ አንድ የአጎቴ ልጅ ከጎንደር ሊጠይቀን መጣ። ጠዋት በር ላይ ቆመን ሳለን አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን አለፈ። «አንተ፣ እንዴት አደርክ?» አልኩት። ሽማግሌው ስቆ ራሴን ዳበሰኝ። የአጎቴ ልጅ ግን ፊቱ ተለዋወጠ። ማታ ለእናቴ ከሰሰኝ። እሱ ቤት ብልግና የሆነው እኛ ቤት ቅርበት ነው። በከሰዓቱም ሌላ ነገር ገጥሞት ነበር። የሰፈራችን ወንዶች በዚያ ሙቀት ሽርጣቸውን አገልድመው ወደ በርጫ ሲሄዱ አየና «ወንዶቹ ለምን ቀሚስ ለበሱ?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ራሱ አልገባኝም ነበር። ድሬ ላይ ሽርጥ ስላገለደመ ወንድነቱ የሚጠየቅ ሰው የለም።

ሐረር ብትወጣ ደግሞ የሐረሪ እናቶች የባህል ልብስ ከቀሚሱ ስር ጠባብ ሱሪ አለው። ሱሪ የወንድ፣ ቀሚስ የሴት የሚለው ሕግ ከድሬ ሐረር ባለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ እንኳ አይጸናም። ይህን ሁሉ እኔና አንተ በየቀኑ እናያለን። ግን አይተን አናስተውለውም።

አሁን ወደ ቁንጅናው።

እኔ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ጸጉር ቤት ከከፈትኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። አንተ «መለኪያው አንድ ነው» ስትል እኔ የማየው በዓይኔ ስር የተለዋወጠውን ነው። አያቴ ከወሎ ነው የመጣችው። አንገቷ ላይ ዙሪያውን ንቅሳት ነበራት፤ ሦስት ረድፍ። ድዷም ተነቅሶ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ስትስቅ ጥርሷ በዚያ ጥቁር ላይ ወተት ይመስላል። «ልጅ ሆኜ በመርፌ ሲወጉኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» ትለኝ ነበር። ያን ሁሉ የቻለችው ያለዚያ ቆንጆ ስለማትባል ነው። ያልተነቀሰች አንገት በእሷ ዘመን ባዶ አንገት ነው።

አምና አንዲት እናት ለልጇ ሠርግ ልትሠራ መጣች። ዕድሜዋ 60 ይሆናል። ቁጭ ካለች በኋላ ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረገችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይቺን ሸፍኚልኝ፣ ፎቶ ላይ እንዳትታይ» አለችኝ። እንደ አያቴ ያለ ንቅሳት ነው፤ መስቀልና ነጠብጣብ። በፋውንዴሽን ሞከርኩት። አረንጓዴው እየሰረገ ይወጣል። ደግሜ ቀባሁት። በድሬ ሙቀት ደግሞ ያ ሁሉ ቅባት ላብ ሆኖ ይወርዳል። አጠገቧ ባለው ወንበር ሙሽራዋ ተቀምጣለች። እሷም አንገቷ ላይ ታቱ አላት፤ ከጆሮዋ ስር ትንሽ ቢራቢሮ። ጸጉሯን ወደ ላይ ስሪልኝ አለችኝ፣ ቢራቢሮዋ እንድትታይ። ያው አንገት፣ ያው መርፌ፣ ያው ቀለም። እናት ታፍርበታለች፣ ልጅ ትደምቅበታለች። በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው አንድ ክንድ ነው። ወንድሜ፣ ተፈጥሮ የሰጠው መለኪያ የቱ ነው? የእናትየው ወይስ የልጅየዋ?

ጸጉርም እንደዚሁ ነው። ሳዱላ የሚለውን ቃል ታውቀዋለህ። ዛሬ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ ማለት ነው። ቃሉ ግን የጸጉር አሠራር ስም ነበር። መሃል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ጸጉር የምትተው ያላገባች ልጅ ናት ሳዱላ። ዛሬ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ መሃል አናቷን ላጭቼ ብሰዳት እናቷ ፖሊስ ትጠራብኛለች። በሐረሪ ባህል ደግሞ ያገባች ሴት ጸጉሯን ሁለት ቦታ ከጆሮዋ ኋላ ትጠቀልለዋለች። ጸጉሯን አይቶ ማግባቷን ማወቅ ይቻላል። እነዚህ ሁሉ በየዘመናቸው «ሴት ማለት እንዲህ ናት» የተባለላቸው ናቸው።

አንተ ረጅምና ለስላሳ ጸጉርን የተፈጥሮ ምርጫ አድርገህ ጽፈሃል። የኛን ቃላት እስቲ ስማቸው። ዞማ፣ ሉጫ፣ ከርዳዳ። ሦስቱም ጸጉር ናቸው። «ዞማ» ስንል ድምጻችን ይለሰልሳል። «ከርዳዳ» ስንል ፊታችን ይኮማተራል። ቃሉን የሰማች ልጅ ትርጉሙን ከማወቋ በፊት ፊታችንን ታነባለች። እኔ ራሴ ስንቴ ነው ደንበኛ ፊት «ይሄ ጸጉር ከባድ ነው» ያልኩት! ጸጉሩ ከባድ አልነበረም። እኔ የተማርኩት ለስላሳ ጸጉር መሥራት ብቻ ስለሆነ ነው። ለዓመታት ለከርዳዳ ጸጉር ፎን 50 ብር ጨምሬ አስከፍል ነበር። አሁን በርዝመቱ ብቻ ነው የማስከፍለው። ይህን ያደረግሁት ዘግይቼ ነው፤ ያውም አንዲት ደንበኛዬ «የተፈጠርኩበትን ነው የምታስከፍዪኝ?» ብላ ከጠየቀችኝ በኋላ።

ውፍረትን በተመለከተ የጻፍከው ነገር ግን ያሳዘነኝ ነው። «ቀጭን ወገብ የትም ይወደዳል» ብለሃል። እናትህን ጠይቃት። ከእረፍት የተመለሰን ሰው «ተመችቶሻል፣ ወፈር ብለሻል» ማለት ምርቃት አልነበረም? የዛሬ ደንበኞቼን እንዲህ ብላቸው ምሳ ይዘላሉ። ከኛ ርቃ በፓሲፊክ ውቅያኖስ ፊጂ የምትባል አገር አለች። እዚያም ደንደን ያለ ሰውነት የጤናና የቤተሰብ እንክብካቤ ምልክት ነበር። ናድሮጋ በሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። አን ቤከር የምትባል ተመራማሪ ልጃገረዶቹን ቴሌቪዥኑ በገባ ሰሞን ጠየቀች፤ ከ3 ዓመት በኋላም ሌሎች ልጃገረዶችን ጠየቀች። በመጀመሪያው ጊዜ ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ግን ከ100ው 11 ያህሉ እንደሚያስመልሱ ተናገሩ። ተፈጥሮ በ3 ዓመት አይለወጥም። የተለወጠው የሚያዩት ነገር ነው።

እርግጥ አንድ ነገር ልስጥህ። ጤነኛ ቆዳ፣ ሙሉ ጥርስ፣ ብሩህ ዓይን በብዙ አገር ይወደዳል። ይህን አልክድም። ግን ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ፣ ማለትም የቀለሙ፣ የውፍረቱ፣ የጸጉሩ፣ የአንገቱ ነገር፣ ሰው የጨመረው ነው። ሰዎች ዕንባ የሚያፈሱትም በዚያ በተጨመረው ነው።

ስለ ቀለም ካነሳህ አይቀር ቆም ልበል። «ቀላ ያለች ሴት ዓይን ትስባለች» ብለህ አልፈሃል፤ አንድ መስመር ነው። እኔ ጋ ግን ያች መስመር በየሳምንቱ በእግሯ ትመጣለች። ፊቷ ነጥቶ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠቁሮ የቀረ ሴት አይተህ ታውቃለህ? ቆዳ የሚያነጣ ቅባት የምትጠቀምን ሴት የምለያት በጣቶቿና በጆሮዎቿ ነው። ፊቱ ይሸሻል፣ ጣቱ ይቀራል። ከነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ሜርኩሪ አለባቸው። ሜርኩሪ ቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ሃይድሮኪኖን ያለበትን ለረጅም ጊዜ የተቀባች ሴት ጭራሽ ቆዳዋ ሰማያዊ ጥቁር ሆኖ ሊበላሽባት ይችላል። ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ቆዳን ያሳሳል። ይህ ሁሉ በድሬ ፀሐይ ስር ነው።

አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ጉንጯ ተልጦ መጣች። ስነካት ዘለለች። ለምን እንደጀመረች ጠየቅኳት። የወንድ ጓደኛዋ እናት «ልጄ ጥቁር አመጣብኝ» ማለቷን ሰምታ ነው። ጠይም ናት። በኛው ዘፈንና ግጥም ስንት ጊዜ የተወደሰች ጠይም! ያችን እናት ተፈጥሮ አይደለም ያናገራት። ከሆነ ሰው ሰምታዋለች፤ ያ ሰውም ከሌላ ሰው ሰምቶታል።

የሥራ ክፍፍሉ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ምክንያቱም መልሱ እዚሁ አጠገባችን ቆሟል። ሐረር መኪና ግርግር ሂድ። ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምጽ ነው። ከመኪናው ኋላ ተቀምጠው የሴት ቀሚስ የሚሰፉት ወንዶች ናቸው። አንተ ግን «መርፌና ክር ለሴት እጅ የተፈጠሩ ናቸው» ብለሃል። የአገራችን ሸማኔ ወንድ ነው፤ የምትፈትለው ሴት ናት። በሌላው ዓለም ደግሞ የምትሸምነው ሴት የሆነችባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። እጅ ያው እጅ ነው። «ንግድና ክርክር የወንድ ነው» ያልከውንም ቀፊራ ገበያ ይዘኸው ግባ። ጫት ዘርግተው ጠዋት ማታ ከደንበኛ ጋር ዋጋ የሚከራከሩት፣ ብሩን ቆጥረው ጉያቸው የሚከቱት እነማን ናቸው? እነዚያን እናቶች ነው ለንግድ አልተፈጠሩም የምትላቸው?

ጦርነትም አንስተሃል። ከዚሁ ከሐረር ምድር አንድ ሴት ላስታውስህ፤ ባቲ ድል ወንበራ፣ የኢማም አሕመድ ባለቤት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከባሏ ጋር ዘምታለች። ልጅ የወለደችውም በዘመቻ ላይ ሳለች ነው። መውለድና መዝመት አብረው አይሄዱም ብለሃል፤ ሄደዋል።

ወንዱንም እንይ። ሹሩባ የሴት ነው፣ አይደል? አፄ ቴዎድሮስ ጸጉራቸው ሹሩባ ነበር። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ንጉሥ ማለት ነው። የጦር ሰው ጸጉሩን ይሠራ ነበር፤ ዝሆን የገደለ ጀግናም ጆሮው ላይ ጌጥ ያደርግ ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ጎረምሳ እኔ ጋ ሹሩባ ተሠርቶ ሲወጣ መንገድ ላይ «ሴታ ሴት» ብለው ጮኹበት። በማግስቱ ተመልሶ ፍቺልኝ አለኝ። የፈታሁት ዝም ብዬ ነው። የፈታሁት የቴዎድሮስን ሹሩባ ነው ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

«አያቶቻችን በሰላም ኖረዋል» የሚለው ነጥብህ ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል። አያቴን እወዳት ነበር። በ13 ዓመቷ ነው የዳሯት። ሰላም ነበረች ወይ? ዝም ትል ነበር። ዝምታና ሰላም አንድ አይደሉም።

ለነገሩ የአያቶቻችን ሥርዓት በወረቀት ላይ ተጽፎ የነበረ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይል ነበር። ሚስትም በሕጋዊ ትእዛዙ ሁሉ እንድትታዘዝ ይላል። ለጋብቻ ሴት 15፣ ወንድ 18 ዓመት ይበቃቸው ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ይህ ሁሉ ተሰረዘ። ባልና ሚስት እኩል ሆኑ፣ የጋብቻ ዕድሜም ለሁለቱም 18 ሆነ። ድሬዳዋም የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው። አለቅነት ከባል ላይ በአዋጅ ተነሳ። በአዋጅ የተነሳ ነገር ከመጀመሪያውም የተጫነ ነበር ማለት ነው። ወንዶች በማግስቱ ጢማቸው አልረገፈም።

ስለ ፈረንጅ ተጽዕኖ የጻፍከው ግማሹ እውነት ነው። ልጆቹ የሚያሳዩኝ ፎቶ በፊልተር የተሠራ ፊት ነው። አፍንጫው ቀጥኗል፣ አገጩ ሾሏል፣ ቆዳው ነጥቷል። «እንዲህ አድርጊኝ» ይሉኛል፤ እንዲህ የሚባል ሰው ግን በምድር ላይ የለም። በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ። የማልስማማው ቀጥሎ ባልከው ነው። የፈረንጁ የተሠራ ነው፣ የኛው ግን ተፈጥሮ ነው ትላለህ። የሁሉም የተሠራ ነው። ፈረንጆቹ ራሳቸው ዛሬ ሮዝ ለሴት ሕፃን፣ ሰማያዊ ለወንድ ይላሉ። በ1918 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ የልጆች ልብስ ነጋዴዎች መጽሔት ግን ሮዝ ጠንከር ያለ ቀለም ስለሆነ ለወንድ፣ ሰማያዊ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለሴት ብሎ ይመክር ነበር። ተረከዘ ረጅም ጫማም የፋርስ ፈረሰኞች ጫማ ነበር፤ እግራቸው እርካቡ ላይ እንዲጸና። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቀይ ተረከዝ ነበር የሚታወቀው። ዛሬ እሱን ጫማ አድርጎ ከዚራ ሰፈር የሚሄድ ወንድ ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ።

አንድ ልጨምር፣ ከሥራዬ ጋር ስለሚሄድ ነው። ጂሌት የተባለው ኩባንያ በ1915 እ.ኤ.አ. ለሴቶች መላጫ አወጣ። ያን ጊዜ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ፋሽን እየሆነ ነበር። ማስታወቂያዎቹ የብብት ጸጉር የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ለሴቶች ነገሯቸው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ትዝም አላላቸው። መጀመሪያ እፍረቱን ሸጡ፤ ከዚያ መላጫውን። ዛሬ በኛ ገበያ ቆዳ ማንጫ ሲሸጥም ከዚህ የተለየ ነገር አይደለም የሚደረገው።

የመጨረሻው ነጥብህ ጠንካራው ነው። «ማንም አላስገደዳቸውም» ትላለህ። እንዲያውም ሴትን የምትኮንነው ሴት ናት ትላለህ። አልዋሽህም፣ ልክ ነህ። አያቴን የነቀሷት ሴቶች ናቸው። ያችን የ19 ዓመት ልጅ ያቆሰላት ቃል የሴት ቃል ነው። ከርዳዳ እያልኩ ጨምሬ ያስከፈልኩትም እኔው ነኝ።

መዋብ ራሱ ክፉ ነው አልልም። የሠርግ ዋዜማ ሴቶች ተሰብስበው ሂና ሲቀቡ፣ ዕጣኑ ቤቱን ሲያውደው፣ አንዷ በሶማሊኛ አንዷ በኦሮምኛ አንዷ በአማርኛ ስትዘፍን፣ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ አላውቅም። ሥራዬን የምወደው ለዚህ ነው። ግን «ወዳ ነው» ለማለት እምቢ ስትል ምን እንደሚደርስባት ማየት አለብህ። እምቢ ብላ ምንም ካልጎደለባት፣ አዎ ወዳ ነው። እምቢ ስትል ባል የማታገኝ፣ ሥራ የማትቀጠር፣ ቡና ላይ የምትታማ ከሆነ ግን ምርጫው ከጅምሩ ተጎድቷል።

የሴት ልጅ ግርዛትን አስብ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ናቸው። የሚያስገርዙት እናቶች ናቸው፣ ያውም የሚወዱ እናቶች። የምትለኝ እናት አለች፦ «እኔ ብተዋት ደስ ይለኛል። ግን ሌላው ሁሉ አስገርዞ የኔ ብቻ ብትቀር ማን ያገባታል?» ጎረቤቷም እንደዚሁ ታስባለች። የጎረቤቷ ጎረቤትም። ሁሉም በየቤቱ አይፈልገውም፤ ሁሉም ሌላው ይፈልገዋል ብሎ ይፈራል። ጽኑ ልማድ የሚቆመው እንዲህ ነው። አለንጋ ይዞ ደጅ የቆመ ወንድ ላያስፈልገው ይችላል።

ተረቶቻችንንም ልብ በል። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። ተረቱ ራሱ «አታውቅም» አላለም፤ «ብታውቅ» ነው ያለው። ማወቋን አይቶ ነው የተተረተው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም»ም የሚባለው እያለቀሰ ላለ ልጅ ነው። የደቻቱ ወንዝ ወደ ታች እንዲፈስ የሚመክረው ሰው የለም። ለድንጋይ «ውደቅ» ብሎ የሚተርት የለም። ምክር፣ ሐሜት፣ ሳቅ፣ ተረት፣ ስድብ፣ ይህ ሁሉ ዘብ የሚቆምለት ነገር በራሱ መቆም የማይችል ነገር ነው።

ከነዚህ ዘቦች ሳቅን በደንብ የማውቃት በአንድ ሰው ምክንያት ነው።

ባጃጅ ነጂ ነው። ሚስቱ አረብ አገር ከሄደች ወራት ሆኗታል። የ6 ዓመት ሴት ልጅ ጥላለት ነው የሄደችው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅቷን ይዞ መጣ። ሱቁ ሞልቷል፤ ስድስት ሴቶች ነበርን። በሩ ላይ ቆሞ የባጃጁን ቁልፍ በእጁ እያገላበጠ «ሹሩባ ልታስተምሪኝ ትችያለሽ?» አለኝ። በየሳምንቱ ለማሠራት ገንዘብ አይበቃውም፤ ጎረቤትም ማስቸገር ሰልችቶታል። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ሚስት አግባ ይሻልሃል» አለችው። ሌላዋ «ወንድ ልጅ ሹሩባ! ወላሂ ጉድ ነው» አለች። ክፉ ሰዎች አይደሉም። አንዳቸውም አልሰደቡትም። ሳቁ ብቻ። እኔም ፈገግ ብያለሁ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም አይቶኛል። ልጅቷም የአባቷን ሱሪ ጨብጣ የሁላችንንም ፊት በየተራ ታይ ነበር።

«ማታ ና» አልኩት በጆሮው። መጣ። «በሩን ዝጊልኝ» አለኝ መጀመሪያ። ያን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ በሩ ተዘግቶ ሁለታችንም በላብ ተጠመቅን። ለመለማመጃ የማስቀምጠው የፕላስቲክ ጭንቅላት አለ፤ በእሱ ጀመርን። በማበጠሪያው ጭራ መስመር ማውጣት። ሦስት መክፈል። ከቆዳው ትንሽ ትንሽ እያነሱ መጨመር። ጣቶቹ ወፍራም ናቸው፣ ጥፍሩ ስር ግራሶ አለ። ሲስብ ይጠነክርበታል፤ ግንባሩ አካባቢ እንዲህ ከሳብከው ጸጉሯ ይረግፋል አልኩት። ወዲያው እጁን አለዘበ። የመጀመሪያው ቀን አንድም መስመር አልጸናለትም። በሦስተኛው ማታ ስምንት መስመር ሠራ፤ ሁለቱ ጠማማ፣ ስድስቱ ቀጥ ያሉ። እጁ ለዚህ አልተፈጠረም ነበር? የእኔም እጅ እኮ አልተፈጠረም። እናቴ ናት አምስት ዓመት ሙሉ ያስተማረችኝ።

ከዚያ በኋላም የሚመጣው ሲመሽ ነበር፤ በሩ ተዘግቶ። ልጁን ለማስዋብ እንደ ሌባ ተደብቆ።

ወንድሜ፣ ለሴት ልጆችህ መጨነቅህ ደስ ብሎኛል፤ ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ማታ ክፍት ነኝ። ይዘሃቸው ና፤ ሻይ አለ። እኔ የምልህን ሳይሆን ደንበኞቼ እርስ በርስ የሚሉትን ተቀምጠህ ስማ።

ባጃጅ ነጂው ባለፈው ቅዳሜ መጥቶ ነበር፤ በቀን። ወረፋ ስለነበር አልጠበቀኝም። ከውስጥ በርጩማ ወሰደና ሱቁ ፊት ለፊት፣ ጥላው ላይ፣ ልጁን አስቀመጣት። ማበጠሪያውን ከኪሱ አወጣ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ነበር። የሚያልፈው ሁሉ ዞር እያለ ያያል። አንዲት ሴት ሳቀች። ቀና አላለም። ስድስተኛው መስመር ላይ ነበር።